የተደፈነው ቀዳዳ

በሆላንዷ ዩትሬክት ከተማ ባለው የጥንት ኦርጋን ወዳጆች ማኅበራችን አንዲት አሮጊት ሁልጊዜ መዘውሩ ሲዞር በካርቶን ላይ የተበሱ ቀዳዳዎችን ተከትሎ ከሚጫወተው መሣሪያ አጠገብ ይቀመጣሉ። ባርኔጣቸውን አያወልቁም፤ ስማቸውንም ጠይቄ አላውቅም። የሚመጡት ሟች ባለቤታቸው ካርቶን እየበሱ ላዘጋጁት አንድ የዋልስ ዳንስ ዜማ ነው። አንዷ ቀዳዳ ቦታዋን ስታ ስለተበሳች ዜማው መሃል ላይ ይንሻፈፋል። ያኔ ፈገግ ይላሉ።

ትናንት ዋልሱ ሳይንሻፈፍ አለፈ።

«ስህተቷን በፕላስተር ደፈንናት!» አለ ሊቀመንበራችን ዊብረን። ተጨበጨበለት። የሞተ ሰው የእጅ ሥራ ይታረማል? ምን አገባው!

አሮጊቷ ብድግ አሉ። «አንተን ማን ጠየቀህ? እኔና ባለቤቴ በዚያች ስህተት ስንሳሳቅ ነው ያረጀነው!»

«እማማ፣ አሳመርነው እኮ።»

«ሂድና ቤትህን አሳምር!»

ፕላስተሩን በጥፍራቸው ልጠው ጣሉት።

«በል አዙር!»

ዊብረን አንገቱን ደፍቶ መዘውሩን ማዞር ጀመረ። ሁላችንም ስህተቷን ጠበቅን።