ሠርገኛው ተሳፋሪ አይደለም

ልጅ እያለሁ መርሳ ላይ ሠርግ ሊሆን ሲል ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰን የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ነበር። ዳሱ የሚጣለው በእርጥብ እንጨት ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ለጉንፋን የታጠነ ይመስል ነበር። የፊታችን እሑድ የአክስቴ የየሺ ልጅ ወልድያ አዳራሽ ውስጥ ትዳራለች፤ መድረክ መሪዋ እኔ ነኝ። ንግግሬን ሳሰናዳ ታዲያ የእናቷ ሠርግ ትዝ ይለኛል። ከእሱም በላይ አጎቴ ሲሳይ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

አጎቴ ሲሳይ የእናቴ ታናሽ፣ የየሺ ታላቅ ነው። ከመርሳ ወልድያ በሚመላለስ ቅጥቅጥ ላይ ረዳት ነበር። አባታቸው ሲሞቱ የሺ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች አሉ። ሲሳይ ትምህርቱን ትቶ መኪና በር ላይ የተንጠለጠለው እሷ እንድትማር ነው። እሷም አላሳፈረችውም፤ አስተማሪ ሆነች። የወልድያ ሰው ሽማግሌ ልኮ እሺ ከተባለ በኋላ፣ "አያ፣ መድረኩን አንተ ካልመራህ እኔ ከቤት አልወጣም" አለችው። ደስ አለው፤ ወዲያውም ጨነቀው። በእኛ ሰፈር ደንብ ሙሽራ ስትሄድ ለሙሽራው ወገን "አደራ" የሚለው አባቷ ነው፤ አባት ከሌለ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ። መድረክ መምራቱ ቀላል ነው፤ የከበደው ይህች የመጨረሻዋ ቃል ነበረች።

እናቴ የፈራችው ሌላ ነው። "ሲሳይ፣ ሠርገኛው ተሳፋሪ አይደለም፤ እንዳትጮኽበት" ትለዋለች።

"ምን ነካሽ እትዬ፣ እንደ ሬዲዮ ነው የማወራው!"

እሑድ እሑድ ቅጥቅጡን ወንዝ አውርዶ ሲያጥብ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሥራዬ ሲሳሳት ማረም ነው። ከኋላ ባለው መሰላል ላይ ይወጣና፣ እጁ በሳሙና እንደተለወሰ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ "የተከበራችሁ እንግዶቻችን…" ብሎ ይጀምራል። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች "እሰይ! ቀጥል!" እያሉ ያሾፉበታል። ሁሉን አሳምሮ ይለውና "እኅታችንን የሺን ለእናንተ…" ላይ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል።

"አደራ" እለዋለሁ ከታች።

"አውቀዋለሁ፤ ሳሙና ዓይኔ ገብቶ ነው" ይላል። በየሳምንቱ ሳሙና ዓይኑ ይገባ ነበር።

በሠርጉ ዕለት የሰው ኮት ተውሶ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ መጣ። መጀመሪያ ላይ አኮራን። ክርስቲያኑንም እስላሙንም በየሰላምታው ተቀበለ፤ ማዕዱ ለየብቻ የተሰናዳበትንም በጨዋ ቃል አመለከተ። እናቴ ትንሽ ተንፈስ ማለት ጀምራ ነበር። የወልድያ አጃቢዎች መጥተው በሩ ላይ ሲጨናነቁ ግን፣ አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ፣ ሞንታርቦው በአንድ ጊዜ ቅጥቅጥ ሆነ።

"ወደ ውስጥ ግቡ እንጂ! ከኋላ ባዶ ነው! ጠጋ ጠጋ በሉላቸው!"

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የሺማ ስቃ ስቃ እንባዋ ኩሏን አበላሸው። ሰዉ ግን እየሳቀ ጠጋ ጠጋ አለና ሁሉም ቦታ አገኘ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ገቡ፤ ጭፈራው ቆመ። እኔ እንደ ልማዴ ከአጎቴ ጎን ነኝ። "የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ እኅታችንን የሺን ለእናንተ…" አለና ቆመ።

"አደራ" አልኩት ቀስ ብዬ።

የሺ በመስኮቱ እያየችው ታለቅሳለች። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፤ የሙሽራው ወገን ይጠብቃል። አጎቴ የሚለው ቢጠፋው የመኪናውን ጣሪያ ሁለቴ መታ መታ አደረገና፣ "ሳበው!" አለ።

አንዳንዱ ሳቀ፤ እናቴ ግን አለቀሰች። መኪናው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ወደ ወልድያ ሲታጠፍ ያ እምቢ ያለው ቃል ያኔ መጣ። ማይኩ እጁ ላይ መሆኑን ረስቶታል።

"አደራ… ሰው ፊት መብላት ታፍራለች፤ ብይ በሏት… አደራ።"

ለራሱ የተናገረውን ሞንታርቦው ለሰፈሩ ሁሉ አሰማው። ሽማግሌዎቹም ምርቃት የሰሙ ይመስል ገሚሱ "አሜን"፣ ገሚሱ "አሚን" አሉ። እኔ ኮቱን ይዤ ተንሰቀሰቅኩ።

አሁን ጊዜው ሌላ ነው። አዳራሹ በሰዓት ይከፈታል፣ በሰዓት ይዘጋል፤ ሙሽሮቹ የሚሸኙት መስኮቱ በተዘጋ መኪና ነው፣ ዘፈኑም ሌላ ድምፅ አያሰማም። መጥፎ ነው አልልም፤ እኛም ደክሞን ነው እንዲህ ያቀለልነው። የእሑዱን ንግግር በስልኬ ጽፌ ጨርሻለሁ። "አደራ" የሚለውም አለበት፤ ዛሬ እሱንም የሚለው መድረክ መሪው ነው። ደጋግሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ አንድም ቦታ ድምፄ አልተቆረጠም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።