እናቴ ሁለቱን ደሮች የሰጠች ቀን

ሰሞኑን ኮምፒውተር ላይ ቼዝ ስጫወት፣ ከቀንድ የተጠረቡት የሰንጠረዥ ጠጠሮች በቆዳ ከረጢት ውስጥ ሲንኳኩ የነበረው ድምፅ ተመልሶ ጆሮዬ ላይ መጣ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ታች ጋይንት፣ አባታችን ከሞተ በኋላ የሚያርሰው የአሥራ አራት ዓመቱ ታላቅ ወንድሜ አያሌው ነበር፤ እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ግራዝማች አድማሱ ልጁ ከሞፈር እንዳይለይ ይፈልጉ ነበር፤ እናቴ ግን ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ልታስገባው ቆርጣ ነበር።

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሥራ ሲያስፈታ፣ ግራዝማች እኛ ቤት የሰንጠረዡን ቀይ ጨርቅ ዘርግተው፣ ከጎረቤት ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር፤ የሚያሸንፋቸውም አልነበረም። እናቴ እስቴ ሳለች ከአባቷ ጋር እየተጫወተች ያደገች ብትሆንም፣ ጥጥ እየፈተለች ታይ ነበር እንጂ አትናገርም ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን እንዝርቷን አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ እኔ ልጫወትዎ። ካሸነፍኩ አያሌው ይማር» አለች።

«ከተሸነፍሽስ፣ አንቺ የእስቴዋ?»

«ሞፈሩን ይያዝ፤ ሁለተኛ የትምህርቱን ነገር አላነሳም።»

በእኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እየተሻሙ ይሰለፋሉ። ግራዝማች እየሳቁ ሲደረድሩ፣ እናቴ እግረኞቿን ወደ እሳቸው ንጉሥ አስጠጋች። ከዚያ አንዱን ደር፣ ማለት ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ኃይለኛ ጠጠር፣ እጃቸው ሥር አስቀመጠችላቸው፤ በሉት። ሁለተኛውን ደር ንጉሣቸው አጠገብ ስትሰካው ግን፣ ንጉሡ እሱን ለመብላት ከጠባቂዎቹ መለየት ስለነበረበት፣ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ከቤተ ልሔም ደብር መጥተው ጨዋታውን ሲያዩ የነበሩት መሪጌታ፣ «ግራዝማች፣ የሴት ስጦታም ያስፈራል እንዴ?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ግራዝማችም በሉት።

«ንጉሥዎን፣ ጋሼ!» አለች እናቴ። በፈረስ አስጨንቃ፣ ማምለጫ አሳጥታ፣ በመጨረሻ በእግረኛ ገደለችው፤ በእግረኛ መግደል ደግሞ ከሁሉ የሚከበረው ነበር። ግራዝማች ጠጠሮቹን ወደ ከረጢቱ መልሰው፣ «እንግዲህ ልብሱን እጠቢለት» ብለው ወጡ።

መስከረም ጠብቶ አያሌው ሲሄድ፣ በሬዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ለገና ሲመጣ ከአጨዳና ከውቂያው ጊዜ ሲተርፈን ፊደል ያስቆጥረኝ ነበር፤ እናቴ ሁለተኛውን ደር ስትሰካ የነበረውን አሰላለፍ በልቤ ይዤው ስለነበር፣ ጠጠር በጠጠር ደብተሩ ላይ ሣልኩት።

ዛሬ ያንኑ አሰላለፍ፣ በግራዝማች በኩል እንዲጫወት፣ የድሮውን የሰንጠረዥ ሕግ ለሚያውቅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰጠሁት። የፊተኞቹ ፕሮግራሞች ጠጠር ብቻ እየቆጠሩ የተሰጣቸውን ሁሉ ይበሉ ነበር ይባላል። ይኼኛው ግን ሁለተኛውን ደር ሳይነካ፣ ንጉሡን አንድ ቤት ፈቀቅ አድርጎ ተቀመጠ። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ሁልጊዜ የምትሸነፈው እናቴ ናት። ፕሮግራሙን ስቆ የሚያሳፍረው መሪጌታ የለም። ያን ቀን በግራዝማች ቦታ እሱ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ አያሌው ከሞፈሩ አይላቀቅም ነበር፤ እኔም ይህን የምጽፍበትን ፊደል የሚያስቆጥረኝ አላገኝም ነበር።