ፍሪጅ ውስጥ ያሳደግኳት አበባ

ዛሬ ጠዋት ጆበርግ አጠገብ፣ ቴምቢሳ ባለው ሱቄ በር ላይ እኔና ጎረቤቴ ጋሽ በቀለ እጅ ስንነሳሳ ወገባችን ሊቆረጥ ነበር። ጥፋቱ የአበባዬ ነው።

ስኖውድሮፕ ትባላለች፤ ብርድ ካልጠገበች አታብብም። የጆበርግ ክረምት ስላልበቃት ሽንኩርት መሳይ ሥሯን ከነማሰሮው በሱቁ የለስላሳ መጠጥ ፍሪጅ ውስጥ አክርሜያታለሁ። ባሌ «ሰው ለስላሳ ያቀዘቅዛል፣ አንቺ ሽንኩርት» ሲለኝ ከረመ።

ዛሬ አበበች። አንገቷን ስለምትደፋ ውስጧን ለማየት ጎንበስ አልኩ። ጋሽ በቀለ ያን ጊዜ ደረሱ።

በኮሮና መጨባበጥ ከቀረ ወዲህ ሰላምታችን እጅ መንሳት ነው። ለእሳቸው እጅ የነሳሁ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝቅ አሉ። ታላቅ ሰው ጎንበስ ብሎልኝ ቀጥ ብዬ ልቆም ነው? ደግሜ ጎንበስ አልኩ። እሳቸውም ይባስ ዝቅ አሉ።

የአበባዋን ሥር የሰጡኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጎጎ»፣ ማለትም አያት፣ የሚላቸው አሮጊት ደንበኛዬ፣ ሱቁ በር ላይ ከተሰለፉት ገዢዎች መካከል ሆነው አዩን። «እናንተ አገር አበባ ሲፈካ እንዲህ ነው የሚደረገው?» ብለው እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ሰልፉ በሙሉ ከነማስኩ ተከተላቸው።

«ለካ ለአበባዋ ኖሯል» አሉ ጋሽ በቀለ፣ ነገሩ ሲገባቸው። ትንሽ አዩዋትና «ግድ የለም። እሷም ቀድማ ጎንበስ ብላ ነው የጠበቀችን» አሉ።

እናንተስ በዚህ በኮሮና ዘመን ሳታስቡት ለማን እጅ ነሳችሁ?