የኦቦ ቶሎሳ ግማሽ ኪኒን

ከአምቦ እስከ ጊንጪ

ከአምቦ የወጣሁት ጭጋጉ ገና ከመንገዱ ሳይነሳ ነው። መድረሻዬ ጎጆ ከተማ፣ ጉዳዬም ላሊሴ ነች፤ የአጎቴ የኦቦ ቶሎሳ ልጅ፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። የሚጥል በሽታዋ መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ትቷት ነበር። ሰሞኑን ግን ክፍል ውስጥ ደጋግማ ወደቀች። ተማሪዎቿ ክብሪት ጭረው አሸተቷት አሉ። እንዲህ ከቀጠለ ማስተማሩም ይቀርባታል ተብላለች። እኔ አምቦ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ፣ መድኃኒቱ ለምን እንደከዳት ሄጄ ልይ አልኩ።

ሚኒባሱ ሞቅ ሲል እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ ያልለየለት ነገር ያዘኝ። የጤፉ ማሳ በጭጋጉ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል። ሬዲዮ የተናገረው ትዝ አለኝ፤ በየቀኑ የምንሸጠው አንድ የስኳር መድኃኒት በአይጦች ላይ ሲሞከር፣ በሚጥል በሽታ ሊሞቱ የነበሩ የአንጎል ሴሎችን አትርፏል። ለላሊሴ ሲደርስላት እያለምኩ ሳለ ጊንጪ ላይ ረዳቱ ቀሰቀሰኝ።

ሽቅብ ወደ ጎጆ

ከጊንጪ በኋላ መንገዱ ሆድ ዕቃ ያናውጣል። ብርዱም ያለ ጋቢ የመጣን ሰው አይምርም፤ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሳልጠይቃቸው የጋቢያቸውን ጫፍ አለበሱኝ። የገብስ ማሳው፣ በጎቹና ደመናው አንድ ቀለም ሆነው አለፉ። ለምን እንደመጣሁ ልረሳ ምንም አልቀረኝም።

ምሳ ሰዓት

ኦቦ ቶሎሳ «አካም ጅርታ» እያሉ ስመው አስገቡኝ። ከስተዋል፤ ውኃ በላይ በላዩ ይጠጣሉ። ትኩስ ድንች በዳጣ ቀረበ። በልተን ስንጨርስ የስኳር ኪኒናቸውን ከኪሳቸው አወጡና በቢላዋ ለሁለት ከፍለው ግማሿን ለላሊሴ ሰጧት። እሷም መዳፏን ዘርግታ ተቀበለች።

ለካ እሳቸውም ሬዲዮውን ሰምተዋል። የድሮው መድኃኒቷ እንቅልፍ ያበዛባታል ብለውም አስትተዋታል።

«የእርስዎ ስኳርስ፣ ጋሼ?» አልኩ።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። ደግሞ እኔ ኖሬያለሁ፤ አንጎል የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።»

መቆጣትም አማረኝ፣ ማልቀስም አማረኝ። ቤት ሲቃጠል መጀመሪያ እሳቱ ይጥፋ፣ እሳቱን የሚያጠፋላት ያ የሚያስተኛት መድኃኒት ነው፣ የሬዲዮው ነገር ገና በአይጥ ላይ ነው እያልኩ አስረዳሁ። ኦቦ ቶሎሳ የቀረቻቸውን ግማሽ ኪኒን በጣታቸው እያገላበጡ ሰሙኝ።

«አይጧስ? ዳነች?» አሉ።

ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር። «አንጎሏን ለማየት ገደሏት» አልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ግማሿን ኪኒን ከልጃቸው መዳፍ መልሰው ወሰዱና ሁለቱንም ግማሾች አንድ ላይ ዋጡ።

ወደ ቤት

በማግሥቱ ላሊሴን ይዤ ወደ አምቦ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ሐኪሟ የድሮውን መድኃኒት እንደገና አስጀመራት፤ አሁን ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። እንቅልፉ አለ፣ መውደቁ ግን ቀርቷል። የሬዲዮው ነገርም አንድ ቀን ለሰው እንዲደርስ አሁንም እመኛለሁ።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ግን ኪኒን ስሸጥ፣ ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ ከማለቴ አስቀድሜ፣ ገዢዎቹን ከማን ጋር እንደሚካፈሉት እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ አንዳንዱ የልጁን ስም ይነግረኛል።