ፊት የማይለይላት ጽጌረዳ

ባለቤቴ ጽጌረዳ የሰው ፊት አይለይላትም። ዓይኗ ደህና ነው፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ እሷ ናት። ዓይኑንም አፍንጫውንም ታያለች፤ የማን ፊት እንደሆነ ግን አይያዝላትም። ሐኪሙ «ከልደትሽ አብሮሽ ያለ ነው፣ መድኃኒት የለውም» ብሏታል። እኔን የምታውቀኝ በአረማመዴና በሳሌ ነው። ጢሜን የተላጨሁ ቀን ደጃፋችን ላይ አግኝታኝ በጨዋ ደንብ «ማንን ፈልገው ነው?» ብላኛለች። ሳል አደረግኩና ገባሁ።

እንግዲህ ይህችን ሴት ሮማ ካለው ሐበሻ መሃል ክተቷት። የኛ ሰው ስሙን ተናግሮ ሰላም አይልም፤ ትከሻ ይዞ «አወቅሽኝ?» ነው የሚለው። እሷም ዘዴ አበጀች። ሰላም ያላትን ሁሉ እንደ ቅርብ ዘመድ ትስማለች፤ በድምፅ እስክትለየው ድረስ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ትጠይቃለች። ጭራሽ የማያውቃት ሰው እንኳ ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ነግሯት ሄዷል። አብረን ስንሆን ደግሞ ስሙን በጆሮዋ ሹክ እላታለሁ። «አእምሮዋ ተነክቷል ይሉኛል» እያለች ግን ለሌላ ለማንም አልተነፈሰችም።

ዘዴው ልዕልቲ ላይ ከሸፈ። እሷና ጽጌ፣ ስደተኞች በሚኖሩበት ሕንፃ፣ ሰላም ፓላስ፣ አንድ ፍራሽ ላይ ያደሩ፣ አንድ ካፖርት ተራ በተራ የለበሱ ጓደኛሞች ናቸው። ባለፈው ዓመት ልዕልቲ ፀጉሯን አሳጥራ ትራም ላይ ፊት ለፊቷ ቆማ ሳትናገር ፈገግ አለች። ጽጌ አየቻትና ወደ መስኮቱ ዞረች። «ደህና ቤት ስትከራይ ናቀችኝ» የሚለው የልዕልቲ ወሬ ከእሷ ቀድሞ ቤት ገባ። ጽጌ ብትደውል፣ ብትደውል፣ ልዕልቲ ስልኩን አላነሳችም።

በቅርቡ የልዕልቲ እናት አስመራ ላይ አረፉ። ለቅሶው እዚሁ ሮማ፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ ልዕልቲ ቤት ሆነ።

እኔ ፈራሁ። «ሴቱ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ተከናንቦ ነው የሚቀመጠው። እዚያ መሃል ገብቼ ስም ልነግርሽ አልችልም። የሌላ ሰው አንገት ላይ ብታለቅሺ ልዕልቲ እስከወዲያኛው አትመለስልሽም። ቅሪ፣ እኔ እደርሳለሁ» አልኳት።

«በስልክ ልጄ የሚሉኝ ሴትዮ ሞተው ልቅር?» አለችና ጫማዋን አጠለቀች።

ስንደርስ ክፍሉ ሞልቷል። እኔ ወንዶቹ ጋ ተቀመጥኩ፤ እሷ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ትልቋ ሴት እማማ አመተ ማርያም «ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን ይገትርሻል?» አሏት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «እኔ ከተፈጠርኩ ጀምሮ የሰው ፊት አይለይልኝም። ትራም ላይም እህቴን ሳላውቃት አልፌያታለሁ፤ ንቄ አይደለም። ልዕልቲ፣ የትኛዋ እንደሆንሽ አላውቅም። ላለቅስልሽ መጥቻለሁ፣ ድምፅሽን አሰሚኝ።»

የተከናነቡት ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ።

«እዚህ ነኝ ጽጌ» የሚል ድምፅ ከጥግ መጣ። ተቃቅፈው ያለቀሱትን አልተርክም፤ እኔም እንባዬን መያዝ አልቻልኩም ነበር። ኋላ ልዕልቲ «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ስትላት ሰማሁ።

«አሎራ፣ እንግዲህ አሁን ነገርኩሽ» አለች ጽጌ።

እማማ አመተ ማርያም ብድግ አሉና ወደ እሷ ሄደው «አመተ ማርያም ነኝ» ብለው ሳሟት። ሌሎቹም ተከተሉ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ስማቸውን እየነገሩ ሲስሟት ደረቴ ተነፋ፤ ያቺ ሚስቴ ናት ብዬ ልጮህ ቃጣኝ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ቢለኝ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።