ልጄ ያቦካችው ድፎ

2006 ዓ.ም. ነበር፤ ግንቦት፣ ኻርቱም በአቧራ የምትታፈንበት ወቅት። ትናንት እዚህ ጎንደር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ አንዲት እናት ልጇን ከልጄ ከሰላም አጠገብ ጎትታ ስታስነሣ አየሁና ያ ግንቦት መጣብኝ።

ያኔ የምንኖረው ባሕሪ የሚባል የኻርቱም ሰፈር ነበር። እኔ ካፉሪ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት እሠራለሁ። ሰላም አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዓመት በፊት ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማት ጀመር፤ ምግቡ ተመርዟል እያለች ጾሟን ማደር አመጣች። በራክሻ፣ በእኛው ባጃጅ፣ አሳፍራ ሐኪም ቤት ያደረሰችን ጎረቤታችን ሐጃ ፋጢማ ናት። የአገሬ ሰዎች ግን መንፈስ ነው፣ ኪኒኑን ጣዪና ጠበል ብቻ አጠጪያት አሉኝ። ሁለቱንም ሰጠኋት። ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው። ከወራት በኋላ እንደ ድሮዋ ስትስቅ ሰማኋት፤ ተመስገን።

የማርያም ማኅበር ነበረን። በየወሩ ሃያ አንድ ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። የግንቦት ተራ የእኔ ስለነበር ጽዋው እኔ ቤት ነው የከረመው። ዋዜማውን ሰላም የድፎውን ሊጥ አቡክታ፣ በነጠላ ሸፍና፣ ኩፍ እስኪል አጠገቡ ተቀምጣለች። አቧራ እንዳይገባበት በመስኮቱ ሥር እርጥብ ጨርቅ ወትፋለች። ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን እትዬ ዘነበች መጡ። አልተቀመጡም።

«አስካለ፣ አትቀየሚኝ። ጽዋውን ልውሰደው፣ እኔ ቤት ይሁን» አሉኝ።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሊጡን አዩት።

«ሴቶቹ ፈሩ። እሷ ያቦካችውን ማን ደፍሮ ይቀምሳል?»

ሰላም እዚያው ነበረች። ሰምታለች። እትዬ ዘነበች ስኳር አለባቸው፤ መርፌያቸው ከቦርሳቸው አይጠፋም። መርፌውን ጣዪ ያላቸው፣ ከእጃቸው አልበላም ያላቸው ሰው አላውቅም። ልጄ ማንን በደለች? አልተናገርኩም። ጽዋውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ሲወጡ ሰላም፣ «ዩማ» አለችኝ፤ እማዬ ማለቷ ነው፣ አረብኛው ይቀናታል። «ሊጡን ልድፋው?»

«እንጋግረዋለን» አልኳት።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ድፎውን አሸክሜያት እትዬ ዘነበች ቤት ሄድን። ሴቶቹ ተሰብስበዋል። ሰላም በሩ ላይ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» አለች። እትዬ ዘነበች ተነሡና እሷን አልፈው ወደ እኔ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን ምንም አልያዝኩም።

«ከእሷ ይቀበሉ» አልኳቸው።

እስኪቀበሏት ድረስ ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም።