አማል በሯን የዘጋች ቀን

በእኛ ግቢ በር በቀን አይዘጋም። ሐረር ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ ከግንቡ ወዲህ፣ አምስት ቤት ሆነን በአንድ ግቢ እንኖራለን፤ የሁላችንም በር ከፈጅር ሶላት እስከ ማታ ብርግድ ብሎ ይውላል። ጨው ያለቀበት ሰው ይገባል፣ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ባለቤቷ ኖረችም አልኖረችም። በር በቀን ከተዘጋ ወይ ሰዎቹ አገር ለቀዋል፣ ወይ ባልና ሚስት ተጣልተዋል። ባለፈው ግንቦት ግን አማል ሦስተኛ ምክንያት አመጣችብን።

አማል ጎረቤቴም የሥራ ባልደረባዬም ናት። እሷ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ትሠራለች፣ እኔ አጸዳለሁ። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነው፣ ሦስት ልጆች አሏት፣ ባሏ ዐብዱናስር ፈረስ መጋላ ላይ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። በዚህ ሁሉ ላይ አራት ዓመት ሙሉ በኢንተርኔት ማኔጅመንት ስትማር ኖረች፤ ዲግሪ ልትይዝ። ይህን የምናውቀው ባሏና እኔ ብቻ ነበርን። ልጆቿ እንኳ እናታቸው በስልኳ ፊልም የምታይ ይመስላቸው ነበር። ትልቋ አንድ ቀን፣ “እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ሁልጊዜ ብቻውን ነው የሚያወራው? የሚያገባትም የለችም?” ብላ ጠይቃታለች።

የደበቀችው በበግ ምክንያት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አማል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስትወስድ፣ እዚሁ ግቢያችን የሚኖሩት የአባቷ እህት እትዬ ሳዳ ውጤቱ ሳይመጣ በግ ገዝተው ዘመድ ጠሩ። ውጤቱ መጣ፤ አማል ወድቃለች። ጥሪው ቀረ፣ በጉ ግን አልቀረም። ሦስት ወር ግቢው ውስጥ ታስሮ በልቶ ሰባ፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ “ይሄ በግ የምንድን ነው?” እያለ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ቴክኒክና ሙያ ገብታ ዲፕሎማ ያዘች፣ ሥራ ያዘች፣ አገባች፣ ወለደች፤ በጉ ግን እስከ ዛሬ ይወራል። “ሙሌ፣ ወረቀቱ እጄ ሳይገባ ለሰው ትንፍሽ ብትዪ ወላሂ አላናግርሽም” አለችኝ። እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ተመለሺ ያለኝም አልነበረም። የሰው ትምህርት ምስጢር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አፌን ዘጋሁ።

ትምህርቱን የምትከታተለው ማዳመጫዋን ከሒጃቧ ሥር አድርጋ ነው፤ ካርድ ክፍል ተቀምጣ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ መስኮቱ ላይ ቆመው፣ “ልጄ፣ ካርዴ ተገኘ?” ይላሉ። አማል ጆሮዋ አዲስ አበባ ነው። “ገብቶኛል፤ ሁለተኛውን ብቻ ይድገሙልኝ” አለች። ሽማግሌው ለእሳቸው የተናገረች መስሏቸው፣ “ካርዴ!” ብለው ጮኸው ደገሙላት። ወዲያው አስተማሪው፣ “ካርዴ ያለው ተማሪ ማነው?” ብሎ ጠየቀ አሉ። እሷ ናት የነገረችኝ፤ እየሳቀች፣ የሽማግሌውንም ካርድ እየፈለገች።

የመጨረሻው ፈተና ስታቲስቲክስ ነበር። ያን ካለፈች ትመረቃለች። ፈተናውን ቤቷ ሆና በኮምፒውተር ትወስዳለች፤ ተቆጣጣሪው ከአዲስ አበባ በካሜራ ያያታል። ደንቡ ረጅም ነው፦ በር ይዘጋ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አይኑር፣ ተማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥ። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው የሐረር ቤት ገብቶ አያውቅም። አማል ቤት የሚቀመጡት ቀይ ቀለም በተቀባው መደብ ላይ ነው፤ ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ዓርብ ወደ ማታ እኔና ዐብዱናስር የእኔን ጠረጴዛ ተሸክመን፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን እያየን፣ ግቢውን አቋርጠን አስገባንላት። ማንም ያየን አልመሰለንም።

ቅዳሜ ጠዋት ዐብዱናስር ቤቱ ጸጥ እንዲልላት ሦስቱን ልጆች ከነልብስ ሻንጣቸው ይዞ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። አማል በሯን ዘጋች። እኔ ሁሉም ነገር ደህና ነው ብዬ ሽንኩርት ልገዛ ወደ ሸዋ በር ወረድኩ። የዚያ ቀን ጥፋት ሁሉ የእኔ ሽንኩርት ነው።

የቀረውን አማል ነች የነገረችኝ። መጀመሪያ ተቆጣጣሪው፣ ድምፁ ገና የልጅ ነው፣ ክፍሉን በካሜራ ያሳዩኝ አላት።

“ከጀርባዎ ያለው ምንድን ነው?”

“ሳህን ነው።”

“ሁሉም?”

“ሰፌድም አለበት።”

“ግድግዳው ባዶ መሆን ነበረበት።”

“ወንድሜ፣ እዚህ አገር ግድግዳ ባዶ ከሆነ ሌባ ገብቷል ማለት ነው።”

ልጁ ትንሽ አሰበና አለፋት። ቀጥሎ ከእርስዎ ጋር ሌላ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ኢንተርኔቱ ስለሚቆራረጥ ጮክ ብላ፣ “ብቻዬን ነኝ! ከእኔ ጋር ማንም የለም!” አለች።

ይህን የሰማው ተቆጣጣሪው ብቻ አልነበረም። እትዬ ሳዳ ከበሩ ውጭ ቆመዋል። እሳቸው ዓርብ ማታ ጠረጴዛው ሲጓጓዝ አይተዋል፤ ዕቃ እየተከፋፈሉ ነው ብለዋል። ጠዋት ዐብዱናስር ልጆቹንና ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ አይተዋል። በሩ ተዘግቷል። አሁን ደግሞ ልጅቷ “ብቻዬን ነኝ” እያለች ትጮኻለች። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ከአፎቻቸው፣ ከዕድራቸው ማለት ነው፣ ሁለት ሴቶች ጠርተው፣ ለእርቅ ሐልዋ በሳህን ይዘው፣ በሩን ገፍተው ገቡ።

“ያ አላህ! ልጄ፣ እንደዚህ ስትሆኑ ለምን አልነገርሽኝም? ከዐብዱናስር የተሻለ ወንድ ከየት ልታመጪ ነው?”

“አክስቴ፣ ይውጡ! እባክዎ ይውጡ!”

“አልወጣም! ሳትታረቁ አልወጣም!”

“ወይዘሮ አማል፣” አለ ተቆጣጣሪው፣ “እነማን ናቸው?”

እትዬ ሳዳ ዘወር ሲሉ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጎረምሳ ፊት አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩት።

“አስተግፊሩላህ! ለካ ለዚህ ነው! አንተ ልጅ፣ እናት የለህም? የሦስት ልጅ እናት ነች እኮ!”

ፈተናው ተቋረጠ።

እኔ ሽንኩርቴን ይዤ ስደርስ አማል መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ሦስቱ ሴቶች ሐልዋውን መሐል አድርገው ተቀምጠዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ዕድል ብቻ እንዳላት፣ እሱም ከተበላሸ ዓመቱን እንደምትደግም የሚገልጽ መልእክት ስልኳ ላይ መጥቶ ነበር። የምትደግምበት አቅም እንዳልነበራት እኔ አውቃለሁ። አራቱን ዓመት የተማረችው ከእንቅልፏ እየሰረቀች ነው፤ ካርድ ክፍል ቆማ ስታንቀላፋ በክርኔ የምቀሰቅሳት እኔ ነበርኩ። ሌላ አንድ ዓመት ቢጨመርባት ትተወው ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻቸው። እትዬ ሳዳ ሰምተው ሲጨርሱ የከፋቸው ሌላ ነገር ነው።

“ልጅ ስትወልጂ ትጠሪኛለሽ። ስትታመሚ ትጠሪኛለሽ። ለፈተና የማልጠራው ምን አድርጌሽ ነው?”

“የበጉን ነገር ፈርቼ ነው፣ አክስቴ። እስካሁን ይወራል።”

“እኔ አውርቼ አላውቅም።”

ከሁለቱ የአፎቻ ሴቶች አንደኛዋ ሐልዋ አነሳችና አፏ ውስጥ ጨመረች፤ እንዳትናገር መሆኑ ግልጽ ነበር።

በሁለተኛው ፈተና ቀን እትዬ ሳዳ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በርጩማ ይዘው የአማል በር ላይ ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ሆንኩ፤ ሽንኩርት በዋዜማው ገዝቻለሁ። ጨው ፈላጊ መጣች፤ “ጨው ሐራም ነው ዛሬ” ብለው መለሷት። የቆጣሪ አንባቢው መጣ፤ በዓይናቸው ብቻ መለሱት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ራሱ ዐብዱናስር የሱቁን ቁልፍ ረስቶ መጣ።

“አክስቴ፣ ቁልፌ ውስጥ ነው።”

“ይቆይ።”

“ደንበኞች በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው እኮ።”

“አንተ ደግሞ በሰላም ጊዜ ነው የምትመጣው። ባለፈው ተጣልታችሁ ሳለ የት ነበርክ?”

“አልተጣላንም አቦ!”

“ቀስ ብለህ ተናገር።”

እሱም ሄዶ ግንቡ ጥላ ሥር ቁጭ አለ። ግቢያችን እንደዚያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ሕፃናቱ ሳይቀሩ በሹክሹክታ ነበር የሚጣሉት። የሚሰማው የእትዬ ሳዳ ዱዓ ብቻ ነው፤ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ በከንፈራቸው ይጀምራሉ፣ ሳያውቁት ድምፅ ይሆናል፣ እኔ ጉልበታቸውን ነካ ሳደርጋቸው ይመለሳሉ። ካሜራው ያያል እንጂ ይሰማል ብለን ያሰብን የለንም።

ከውስጥ የተቆጣጣሪው ድምፅ መጣ። ያው ልጅ ነው።

“ወይዘሮ አማል፣ የሰው ድምፅ ይሰማኛል።”

የእትዬ ሳዳ መቁጠሪያ እጃቸው ላይ ቆመ።

“ከውጭ ነው” አለች አማል። “አክስቴ ናቸው፣ ዱዓ እያደረጉልኝ ነው።”

“እኚያ… የባለፈው ጊዜ?”

“እሳቸው ናቸው።”

ልጁ በጣም በትሕትና፣ “ሰላም ይበሉልኝ” አለ። “ክፍሉ ውስጥ ግን ብቻዎን ነዎት?”

“ብቻዬን ነኝ።”

እትዬ ሳዳ ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው ወደ እኔ ዞሩና፣ “ውሸታም” አሉ በሹክሹክታ።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ አለፈች። እትዬ ሳዳ ወረቀቱን በዓይናቸው እስኪያዩ ድረስ የበግ ዋጋ እንኳ አልጠየቁም። ካዩ በኋላ ግን የገዙት በግ ያን የድሮውን የሚያስረሳ ሆነ፤ ለጎረቤቱም ሁሉ “አለፍን” እያሉ ነው የተናገሩት። ስታቲስቲክስ ምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው ቢኖር መልስ ባላጡ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። አማል ቅዳሜ ከሰዓት በሯን ትዘጋለች። የመጣ እንግዳ ካለ እትዬ ሳዳ ከደጃቸው ሆነው፣ “አታንኳኩ፤ ለማስተርስ እያነበበች ነው” ይላሉ። ማንም አያንኳኳም። የእኔ ክፍል ግን ከእሷ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚገናኝ የምታነበውን እሰማለሁ፤ ታንኮራፋለች። እኔም ለማንም አልተናገርኩ። አንዳንዴ ብቻ እግሬን አጥፌ መደቡ ላይ ጋደም እልና፣ ሰባተኛ ክፍል ላይ ባላቆም ኖሮ በሬን ዘግቼ ስንት ቅዳሜ እተኛ ነበር እላለሁ። ይህን እያሰብኩ ሳለ ደግሞ አንዷ ጨው ፍለጋ ትገባለች።